የአባዬ መኪና ቴፕ የጻፍኩትን የኤምፒ3 ሲዲ እምቢ አለ

የሹፌር ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15)

ሰላም ቤቶች። ቸኩያለሁ፣ በቀጥታ ልግባ። የአባዬ ኮሮላ የ2006 ሞዴል ናት። ቴፑ አብሯት የመጣው ኦሪጅናሉ ነው። ሲዲ ብቻ ነው የሚበላው። የፍላሽ መሰኪያ የለውም። ለስልክ የሚሆን የኦክስ ቀዳዳም የለውም። ብሉቱዝማ አይታሰብም።

አባዬ አርብ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከእማዬ ጋር ወደ ደሴ ይነሳል። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከከተማ ራቅ ሲሉ የአዲስ አበባ ኤፍኤም መንጫጫት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዝም ብለው አስፋልት ማየት ነው። ዘንድሮ እንኳ ልካሳቸው ብዬ የሚወዷቸውን 140 ዘፈንና መዝሙር ሰበሰብኩ። ሶስት ሲዲ ጻፍኩ። ሶስቱም አልሆኑም።

አንደኛውን ሳስገባው ቴፑ ጥቂት ያጉረመርምና «ኤረር» ብሎ ይቆማል። ሁለተኛውም ያው ነው። ሶስተኛው ይዘፍናል፤ ግን 17 ዘፈን ብቻ ነው ያለው። ሌላው የት እንደገባ እንጃ። ላፕቶፔ ላይ ሶስቱም ይከፈታሉ። አባዬ ድሮ ከሱቅ የገዛው ሲዲ ደግሞ መኪናዋ ላይ ያለ ችግር ይሰራል። ስለዚህ ቴፑ አልሞተም። ምን ይሻለኛል?

ፍላሽ ይሻላል (2:22)

አቦ በዚህ ዘመን ሲዲ? ቴፑን ንቀልና ለፋዘር አንድሮይድ ስክሪን ግጠምለት። ካርታም ያያል፣ ስልኩንም ያገናኛል። ሶስት ሲዲ ከምታበላሽ አንዴ ጨክን።

የሹፌር ልጅ (2:31)

አስቤው ነበር። አባዬ «የሚሰራ ነገር አይነቀልም» ብሎ ዘጋኝ። እውነትም አለው። ከሁለት ዓመት በፊት አላርም ሊገጥም የመጣ ሰው የማይነካ ሽቦ ቆርጦ ፍሬቻዋ ሁለት ሳምንት አልሰራም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳሽቦርዷን ማንም እንዲከፍት አይፈቅድም።

ሽቦና ፊውዝ (2:50)

የመኪና ኤሌክትሪክ ነው ስራዬ፣ አባትህ ልክ ናቸው። የኦሪጅናል ቴፕ ሶኬት አንዴ ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣውን ጣጣ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሶስት ነገር መልስልኝ። አንደኛ፣ ቴፑ ፊት ላይ «ኤምፒ3» የሚል ጽሑፍ አለ? በደንብ አጥርተህ እይ፣ አንዳንዴ ጥግ ላይ በጣም በትንሹ ነው የሚጻፈው። ሁለተኛ፣ የገዛሃቸው ባዶዎች ላይ ምን ይላል፣ 700 ሜጋ ነው ወይስ 4.7 ጊጋ? ሶስተኛ፣ ባዶውን ላፕቶፕህ ውስጥ ስታስገባ የመጣልህ ጥያቄ ላይ የቱን ተጫንክ?

የሹፌር ልጅ (3:14)

መኪናዋ ጋ ወርጄ በስልክ መብራት አየሁት። «ኤምፒ3/ደብሊውኤምኤ» ይላል፣ በቀኝ በኩል ከቁልፎቹ ስር።

አንደኛው 4.7 ጊጋ ይላል። ባለሱቁ «ያው ነው» ብሎ ነው የሸጠልኝ። ሌሎቹ ሁለቱ 700 ሜጋ ናቸው። ሁለተኛውን ስጽፍ «እንደ ዩኤስቢ ፍላሽ ድራይቭ» የሚለውን መረጥኩ፣ ቀላል መስሎኝ። ሶስተኛውን በዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር ነው የጻፍኩት። 140ውን ጎትቼ ሳስገባ «ተጨማሪ ዲስክ ያስፈልጋል» ምናምን አለኝ። እሺ ብዬ አለፍኩት።

ሽቦና ፊውዝ (3:52)

እንግዲህ ሶስቱም የወደቁት በተለያየ በሽታ ነው።

አንደኛው ሲዲ አይደለም፣ ዲቪዲ ነው። መልካቸው አንድ ስለሆነ ሰው ሁሉ ይሸወዳል። የሲዲ ማጫወቻ የሚያነብበት የሌዘር ጨረር 780 ናኖሜትር ነው፤ በዓይን አይታይም። ዲቪዲ የሚነበበው በ650 ናኖሜትር ቀይ ጨረር ነው። ላዩ ላይ ያሉት ነጥቦችም ከሲዲው ያነሱና የተጠጋጉ ናቸው። ስለዚህ ቴፑ ሰንፎ አይደለም፣ አይታየውም። ባለሱቁ ጋ መልሰህ ውሰደው ብልህ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አንዴ ተጽፎበታል። ፎቶ አስቀምጥበት።

ዋናው ጉድ ሁለተኛው ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰው ይህንኑ ይዞልኝ ይመጣል። ዊንዶውስ ባዶ ሲዲ ሲያገኝ ሁለት ምርጫ ይሰጥሃል። አንዱ «እንደ ዩኤስቢ ፍላሽ ድራይቭ»፣ ሌላው «ከሲዲ/ዲቪዲ ማጫወቻ ጋር» ነው። የመጀመሪያውን ስትመርጥ ሲዲውን ዩዲኤፍ በሚባል አደረጃጀት ያሰናዳዋል። ለኮምፒውተር ምቹ ነው፣ ፋይል እየጨመርክ እየሰረዝክ ትጠቀምበታለህ። የ2006 ቴፕ የሚያውቀው ግን አይኤስኦ 9660 የሚባለውን የድሮውን አደረጃጀት ነው፣ ጆሊየት ከሚባለው ጭማሪው ጋር። ዘፈኖችህ ሲዲው ላይ አሉ። ቴፑ ግን የት እንደተቀመጡ የሚነግረውን ማውጫ ማንበብ አልቻለም። ላፕቶፕህ ሁለቱንም ስለሚያነብ ምንም የጎደለ አይመስልህም።

ሶስተኛው እንዲያውም ጤነኛ ነው። የሰራኸው ኦዲዮ ሲዲ ነው። ሶኒና ፊሊፕስ በ1982 ገበያ ላይ ያዋሉት፣ ሱቅ ውስጥ ይሸጥ የነበረው ዓይነት። ፕሮግራሙ የተጨመቀውን ኤምፒ3 መልሶ ፈታውና በሰከንድ 1411 ኪሎቢት እየወሰደ ጻፈው። በዚህ አጻጻፍ 80 ደቂቃ ይሞላል፣ አለቀ። ለዚህ ነው 17 ላይ የቆመው።

አንተ የምትፈልገው ዳታ ሲዲ ነው። ኤምፒ3ው እንደተጨመቀ፣ እንደ ፋይል ይቀመጣል፤ የሚፈታው ቴፑ ራሱ ነው። ስለዚህ አዲስ ባለ 700 ሜጋ ሲዲ-አር፣ አንዴ ብቻ የሚጻፍበትን፣ ግዛ። ሲጠይቅህ ሁለተኛውን፣ «ከሲዲ/ዲቪዲ ማጫወቻ ጋር» የሚለውን ምረጥ። ፎልደሮቹን ጎትተህ አስገባ። ፍጥነቱን ዝቅ አድርገው፣ 8 ወይም 16 ካለ እሱን። ጨርሶ እስኪተፋው ድረስ አትነካካው። መጨረሻ ላይ ሲዲውን መዝጋት የሚባል ስራ አለ፣ እሱ ሳያልቅ ያወጣኸው ሲዲ ላፕቶፕህ ላይ ብቻ ነው የሚሰራው።

ፍላሽ ይሻላል (4:01)

ይሄ ሁሉ ለአንድ ዘፈን?

ሽቦና ፊውዝ (4:03)

ለ140።

ቪትዝ ነጂ (4:20)

ሲዲን አትናቁብኝ። የኔ ቪትዝ ቴፕ ከጃፓን እንደመጣ ነው ያለው። ኤፍኤሙ ከ76 እስከ 90 ብቻ ነው የሚሄደው፣ እዚያ አገር ጣቢያዎቹ እዚያ ላይ ስለሆኑ። ሸገር 102.1 ለኔ ሩቅ አገር ነው። ሞገድ የሚያሻግር ትንሽ ዕቃ አለ፣ አንቴናው ላይ ይገባል። አስገብቼው ነበር፤ ጣቢያዎቹ እርስ በርስ ተደራርበው የገበያ ጫጫታ ሆነብኝ። አወጣሁት። ቁልፍ ባዞርኩ ቁጥር አንዲት ሴትዮ በጃፓንኛ ትመክረኛለች፣ ሌላ የሚያወራኝ የለም። ሲዲ ነው ያኖረኝ።

ለማንኛውም ወንድሜ፣ 140ው ዘፈን ስንት ሜጋ ይሆናል? እሱን ሳታይ አትጻፍ።

የሹፌር ልጅ (4:33)

አሁን አየሁት። 1.1 ጊጋ ነው። ኧረ!

ቪትዝ ነጂ (4:41)

አላልኩም? በሰከንድ 128 ኪሎቢት እየወሰደ የተቀዳ ዘፈን በደቂቃ አንድ ሜጋ ገደማ ነው የሚይዘው። በዚያ ሒሳብ አንድ ሲዲ ወደ 12 ሰዓት ይወስዳል። በ192 ከሆነ 8 ሰዓት። በ320 ከሆነ 5 ሰዓት ገደማ ብቻ። አንተ የሰበሰብከው ድብልቅልቅ ይሆናል። ወይ ሁሉንም ወደ 128 አውርደው፣ ወይ ለሁለት ክፈለው።

ጆሮ ያለው (4:55)

128 ሙዚቃ አይደለም። የጸናጽሉ ድምፅ ቆርቆሮ ይሆናል። 320 ያልሆነ ነገር መኪናዬ ውስጥ አላስገባም።

ሽቦና ፊውዝ (5:02)

ወንድም፣ መስኮት ከፍተህ፣ ከኋላህ ሲኖትራክ እያስጓራ፣ በኦሪጅናል ስፒከር 128ን ከ320 ከለየህ ስራዬን ለቅቄ ያንተ ረዳት እሆናለሁ። ቆሞ በጸጥታ ለሚሰማ ሰው ልዩነት አለው፣ አልክድም። ደግሞ 128 የሆነውን ወደ 320 ብትቀይረው የጠፋው አይመለስም፣ ፋይሉ ነው የሚወፍረው። ለመንገድ ግን ለሁለት ከፍሎ እንዳለ መጻፍ ይሻላል። አንዱን ዘፈን፣ አንዱን መዝሙር አድርገው።

የሹፌር ልጅ (5:10)

ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። እማዬም በመዝሙር መሃል ዘፈን ሲገባ ደስ አይላትም። ነገ ባዶ ሲዲ ፍለጋ እወጣለሁ።

አወያይ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:05)

ሁለት ሰዎች የዘፈን ማውረጃ ሊንክ ለጥፈው ነበር፣ አንስቻለሁ። ስለ ቴፑ ቀጥሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:40)

ይህን ሳነብ ልጅነቴ ትዝ አለኝ ልል ነበር፤ ልጅም አልነበርኩም፣ 38 ዓመቴ ነበር። ዲሲ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ከጸሐይ መከላከያው ላይ የሚታሰር የሲዲ መያዣ ነበረኝ። 12 ሲዲ ይይዛል። የአገር ቤት ሙዚቃ ከሚሸጡት ሱቆች የገዛሁት ኦሪጅናል ቤት ይቀመጣል፣ ቅጂው መኪና ውስጥ ይሰራል። ተሳፋሪው «ይሄ ምን ቋንቋ ነው?» ይላል፣ ወሬ ይጀመራል፣ ጉርሻም ይጨምራል።

ልጄ፣ ሁለት ነገር ከኔ ስህተት ተማር። አንደኛ፣ ሲዲው ላይ ወረቀት አትለጥፍ። እኔ አሳምሬ በኮምፒውተር አትሜ ክብ ወረቀት እለጥፍ ነበር። አንድ ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ሙጫውን አላቀቀውና ወረቀቱ ቴፑ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀረ። የአፍ ቀዳዳ ብቻ ያለው ቴፕ ከሆነ ማውጣቱ አበሳ ነው፤ ያው ማስፈታት ነው። አባትህ ዳሽቦርድ የማያስከፍቱ ከሆነማ በቃ።

ሁለተኛ፣ ስሙን በእስክሪብቶ አትጻፍበት። ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ለታችኛው ፊት ነው። የሲዲ ጽሑፉ ያለው ግን ላይኛው ፊት ስር ነው፣ በስስ ቀለም ብቻ ተሸፍኖ። ከታች ቢቧጨር ወፍራም ፕላስቲክ ስለሆነ አንዳንዴ ተወልውሎ ይድናል። ከላይ በእስክሪብቶ ጫፍ ከተጫነ ግን አለቀለት። ለሲዲ የተሰራ ለስላሳ ማርከር ተጠቀም።

የሹፌር ልጅ (6:58)

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። እስክሪብቶ ይዤ ነበር እኮ! ከእጄ ጣልኩት።

የካሳንቺሷ (ከቀኑ 8:12)

እኔም ጥያቄ አለኝ፣ ክሩን ካልሰረቅኩባችሁ። እኔ ሲዲውን እንዳላችሁት ነው የጻፍኩት። ከ30 ዘፈን 22ቱ ይሰራሉ። 8ቱን ቴፑ እንደሌሉ ቆጥሮ ይዘላቸዋል። ከቪዲዮ ላይ ድምፁን ብቻ ያወረድኳቸው ናቸው። መጨረሻቸው ላይ ያለው ስም ሌላ ስለነበር እኔ «ኤምፒ3» ብዬ ቀየርኩት። ስልኬ ላይ ግን ይሰራሉ።

ሽቦና ፊውዝ (8:30)

እህቴ፣ የበርበሬ ጣሳ ላይ «ስኳር» ብለሽ ብትጽፊ ሻዩ ይጣፍጣል? ከቪዲዮ የሚወርድ ድምፅ ብዙ ጊዜ ኤኤሲ ወይም ኦፐስ የሚባል ሌላ ዓይነት የድምፅ ፋይል ነው። ስልክሽ ስሙን ሳይሆን ውስጡን አይቶ ነው የሚከፍተው። የድሮ ቴፕ እዚያ ድረስ አይመራመርም። በስልክ የተቀዳ ስብከትም፣ በቴሌግራም የሚላክ የድምፅ መልእክትም ያው ነው፤ ኤምፒ3 አይደሉም። በመቀየሪያ ፕሮግራም እውነተኛ ኤምፒ3 ማድረግ አለብሽ። ስትቀይሪ 44.1 ኪሎኸርትዝ የሚለውን ምረጪ።

የካሳንቺሷ (8:34)

የበርበሬው ነገር ገብቶኛል። ቤት ውስጥም ያው ነው፣ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ጨው ነው ያለው።

ሁሉን አዋቂ (8:50)

ሌንሱ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል። ጥጥ ላይ ሽቶ አድርገሽ በሲዲ ቀዳዳው ውስጥ አስገቢና ጥረጊው። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ሽቦና ፊውዝ (8:57)

ይህን ምክር እንዳትሰሚ! ሽቶ ውስጥ ዘይት አለ፣ ሌንሱ ላይ ፊልም ይሰራል። ጥጡም ውስጥ ይቀራል። ደግሞ ሌንሱ ከቀዳዳው ፊት ለፊት አይደለም ያለው። የቆሸሸ ሌንስ 8 ዘፈን መርጦ አይዘልም፣ ሁሉንም ነው የሚያስቸግረው። መጥረግ ከፈለግሽ ሲዲውን ጥረጊ። በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር፣ ቀጥ ብሎ። ዙሪያውን አይደለም፤ ዙሪያውን ሲሄድ ጭረቱ የጽሑፉን መስመር ተከትሎ ብዙ ያበላሻል።

የሹፌር ልጅ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:20)

ሰርቷል!!! ባዶ ሲዲ ለማግኘት ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አምስት ሱቅ ገባሁ። አንዱ «ሲዲ ማለት?» አለኝ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ የጽህፈት መሳሪያ ሱቅ መደርደሪያው ጀርባ አቧራ ለብሶ ተገኘ። 10 ገዛሁ።

የዘፈኑ ሲዲ ገባ፣ ትንሽ አሰበ፣ ዘፈነ። አባዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ምንም አላለም፣ ግን ሞተሩን ሳያጠፋ አንድ ሙሉ ዘፈን ሰማ።

አሁን ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ቅደም ተከተሉ ተምታቷል። ከ1 ቀጥሎ 10፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ 12 ይላል። 2 የሚመጣው ከ19 በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ በአማርኛ የጻፍኩት ስም ስክሪኑ ላይ አይታይም። ባዶ ነው።

ቪትዝ ነጂ (3:31)

ቁጥሩ ቀላል ነው። ቴፑ ቁጥር አያነብም፣ ፊደል በፊደል ነው የሚያወዳድረው። ለሱ 10 ማለት በ1 የሚጀምር ነገር ነው። 01፣ 02፣ 03 ብለህ ጀምር። ከ99 ካለፈ 001 በል።

የፊደል ተቆርቋሪ (3:40)

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ቴፑ የተሰራው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ለምንድን ነው የማያሳየው? ንቀት ነው።

ሽቦና ፊውዝ (3:49)

ንቀት እንኳ አይመስለኝም። ዩኒኮድ ውስጥ መግባት ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ቁጥር ማግኘት ነው። ቴፑ ግን ቁጥሩን ወደ ስዕል የሚቀይርለት ፎንት ውስጡ ሊኖረው ይገባል። ያቺ ትንሽ ስክሪን ላቲን ብቻ ነው የተጫነላት። ስለዚህ የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ጻፈው፣ አጭር አድርገህ። ፋይሉ ውስጥ የተደበቀ ሌላ ስም አለ፣ ታግ ይባላል፤ የዘፋኙና የዘፈኑ ስም ያለበት። እሱም በአማርኛ ከሆነ ቀይረው፣ አለበለዚያ የዘፈኑን ስም ሲጫኑ ባዶ ያሳያል።

የመኪናዋ መጽሐፍ ካለህ ደግሞ ስለ ኤምፒ3 ያለውን ገጽ አንብበው። በዚያ ዘመን በብዙዎቹ የቶዮታ መጽሐፎች ላይ ያለው ገደብ በአንድ ሲዲ 255 ፋይል፣ 192 ፎልደር፣ ፎልደር በፎልደር ውስጥ እስከ 8 ደረጃ ነው። አንተ አታልፈውም። በዝቅተኛ ጥራት 300 ስብከት የሚያጭቅ ሰው ነው የሚያልፈው። ከዚያ «የመጨረሻዎቹ ጠፉ» ብሎ ይመጣል።

የካሳንቺሷ (3:55)

እኔ ባለ «አርደብሊው» ሲዲ ገዛሁ። እየሰረዝኩ ደጋግሜ እንድጠቀምበት ነው። እሱስ ይሆናል?

ሽቦና ፊውዝ (4:06)

ይሞከራል፣ ግን ተስፋ አትጣይበት። ተራው ሲዲ ከተላከበት ብርሃን 70 በመቶውን ያህል ይመልሳል። አርደብሊው የሚመልሰው ከ15 እስከ 25 በመቶ ነው። አዲስና ለሱ የተሰራ ቴፕ ያነበዋል። ሌንሱ የደከመ የድሮ ቴፕ አንድ ቀን ያነበዋል፣ አንድ ቀን ይረሳዋል። ጉድጓድ ላይ ሲገባ ደግሞ መዝለል ይጀምራል።

ጆሮ ያለው (4:15)

ስለ ጉድጓድ ካነሳን፣ ኤምፒ3 ሲዲ ከኦዲዮ ሲዲ ይልቅ መንገጫገጭን ይችላል። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ቴፑ ቀድሞ ብዙ ሰከንድ አንብቦ ያስቀምጣል። ይህን እንኳ ለ128ቶች እሰጣችኋለሁ።

ሽቦና ፊውዝ (4:17)

ታረቅን።

የሹፌር ልጅ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:45)

ሁለቱም ሲዲዎች አልቀዋል። ቁጥር በቁጥር፣ ስም በላቲን። አባዬ የላቲኑን አጻጻፍ አይቶ ሳቀብኝ። «ይሄ ደግሞ የማን ዘፈን ነው?» ይላል፣ የሚወደው ዘፋኝ ነው እኮ! ፎልደሮቹን በመንገዱ ከፈልኳቸው፦ እስከ ደብረ ብርሃን ቀስ ያሉ የማለዳ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ሞቅ ያሉ፣ ከከሚሴ በኋላ የወሎ። ሌሊት ይነሳሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (4:52)

እዚህ ማዶ ሆኜ ቀናሁ። ከጣርማ በር ስትወርድ ደመናው ከታችህ ነው። መልካም መንገድ ይሁንላቸው።

የሹፌር ልጅ (አርብ፣ ከቀኑ 7:25)

ኧረ ጉድ ሆንኩ። አሁን አባዬ ደወለ። ሸዋሮቢት ምሳ በልተው ሲመለሱ ቴፑ ሲዲውን አልጫወት አለ። «ዌይት» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያሳየው። እስከ ደብረ ሲና ድረስ እንከን አልነበረበትም። አባዬ «ያንተ ሲዲ አበላሸብኝ» እያለ ነው። ሽቦና ፊውዝ የት ነህ ወንድሜ?

ሽቦና ፊውዝ (7:41)

አለሁ። መኪናዋን የት ነው ያቆሟት?

የሹፌር ልጅ (7:44)

ጸሐይ ላይ ነው። ጥላ ያለበት ቦታ ተይዞ ነበር አለ።

ሽቦና ፊውዝ (7:48)

በል አትደንግጥ። «ዌይት» ማለት ቴፑ ውስጡ ሞቋልና ጠብቁኝ እያለ ነው። ሌዘሩ እንዳይጎዳ ራሱን ነው ያቆመው። «ኤረር» ቢል ነበር የምሰጋው፣ እሱ የሲዲው ወይም የቴፑ ችግር ነው። ሸዋሮቢት ቆላ ነው፣ ያውም ተዘግታ ጸሐይ ላይ የቆመች መኪና! መስኮቱን ይክፈቱ፣ ቴፑን ያጥፉት፣ እየሄዱ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ሲዲ የሚለውን ቁልፍ ይጫኑት። መዝሙሩን ሲዲ ዳሽቦርዱ ላይ ካስቀመጡት ደግሞ አሁኑኑ ያንሱት። የተጻፈ ሲዲ ጸሐይ አይወድም፣ ጽሑፉ የተቀመጠው በቀለም ላይ ነው፣ ቀለሙ ይበላል።

የሹፌር ልጅ (7:53)

ዳሽቦርዱ ላይ ነበር!! እማዬ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የሹፌር ልጅ (ከቀኑ 10:30)

ኮምቦልቻ ደርሰዋል። ቴፑ ከ20 ደቂቃ በኋላ ራሱ ተመለሰ። አባዬ አሁን «ሲዲው ደህና ነው» አለ። ይቅርታ ማለቱ ነው።

ፍላሽ ይሻላል (10:38)

አንድሮይድ ስክሪን ቢሆን ይሄ ሁሉ የለም ነበር። ግን እሺ፣ ጥሩ ነው።

ሽቦና ፊውዝ (10:40)

አንድሮይድ ስክሪንም ሸዋሮቢት ጸሐይ ላይ አቁመው።

የሹፌር ልጅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:10)

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከእማዬ ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ አንድ ዘፈን ብቻ ነው የሰሙት። ዛሬም ዘመድ ጥየቃ ሲዞሩ ያው ዘፈን ነው። አባዬ ምን እንደነካ አያውቅም ትላለች። ስክሪኑ ላይ «አርፒቲ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ።

ቪትዝ ነጂ (1:18)

መድገሚያው ተጭኖ ነው። አርፒቲ የሚለውን ቁልፍ አንዴ ሲጫኑት ያንኑ ዘፈን ይደግማል። ጢጥ እስኪል ድረስ ረዘም አድርገው ከያዙት ፎልደሩን በሙሉ ይደግማል። ለማጥፋት መልሰው ይጫኑት።

የሹፌር ልጅ (1:35)

ለእማዬ ነገርኳት፣ እሷም አጠፋችው። አባዬ መልሶ ተጫነው። ለካ ያውቀው ነበር።